ከደሳለ ጋር ወደ አገሩ

ወልድያንና መርሳን አይታችሁ የማታውቁ፣ ወደፊትም ለማየት የማትበቁ ብዙ ናችሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ተቃጠለ ታንክና ስለ ፈረሰ ግድግዳ ይጠይቀኛል። እሱንም አይቻለሁ፤ በየቦታው አወራላችኋለሁ። ግን በመንገዱ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው አብሮኝ በሄደው ሰው ላይ ስለነበር ከእሱ ብጀምር ይሻላል።

ዶክተር ደሳለ ይባላል። አዲስ አበባ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤታችን ሁለታችንም በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የምንማር፣ በአንድ ዓመት የገባን ተማሪዎች ነን። እኔ ዓይኔ እስኪቀላ አንብቤ የማመጣውን ውጤት እሱ እየሳቀ ያመጣዋል። በሽተኛው እኔን "ሲስተር" ይለኛል፣ እሱን "ዶክተርዬ"። ጠልቼው አላውቅም። እቀናበት ነበር፤ በግልጽ፣ በጠራራ ፀሐይ እቀናበት ነበር።

ጦርነቱ ከወልድያ ገፋ ሲል ሁለታችንም ሳንነጋገር አንድ ዓይነት የጥናት ሐሳብ ይዘን ቀረብን። መብራትም ስልክም አምቡላንስም ባልነበረበት በዚያ ጊዜ፣ የቆሰለ ሰው ከወደቀበት ተነሥቶ ሐኪም እጅ እንዴት ይደርስ ነበር? ፕሮፌሰራችን ሁለቱን ሐሳብ አንድ አደረጉት። "አብራችሁ ሂዱ። የማን ስም እንደሚቀድም ያመጣችሁትን አይቼ እወስናለሁ" አሉ። ስሙ የቀደመው በክፍሉ መምህር ሆኖ እንደሚቀር ሁለታችንም እናውቃለን። ቦታው ደግሞ አንድ ነው።

ሰኞ

የትምህርት ቤቱ መኪና ወደ ሰሜን አይወጣም ስለተባለ በሕዝብ አውቶብስ ሄድን። ገና ሳይነጋ መናኸሪያ ስንደርስ ሹፌሩ ደሳለን በንግግሩ ለየው።

"የወሎ ልጅ ነህ። ከወዴት?"

"ከሀብሩ፤ ከመርሳ ከፍ ብሎ።"

"የማን ልጅ?"

"የአስፋው። የቀኝጌታ አስፋው።"

ሹፌሩ ፊቱ ቅይር አለ። አንድ ጊዜ ወደ መሬት፣ አንድ ጊዜ ወደ ደሳለ ተመለከተና ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ረዳቱን "ተነሥ" ብሎ ደሳለን አስቀመጠው። እኔ ከኋላ፣ ጎማው ላይ፣ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር ተዳበልኩ። የአገር ልጅነት ነው ብዬ አለፍኩት። ጣርማበር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ግን ሽንኩርቱ እየሸተተኝ፣ እሱ ፊት ሆኖ ሲስቅ እየሰማሁ፣ ቅጥል አልኩ።

ሸዋ ሮቢት ምሳ ቆምን። ሹፌሩ ለደሳለ ጥብስ አዞለት፣ ሥጋውን በእጁ እየቆረጠ አጎረሰው። አዲስ አበባ የታክሲ ሹፌር ቢያጎርሰኝ ፖሊስ እጠራለሁ፤ እዚህ ግን የማይጎርሰው እኔ ብቻ መሆኔ አሳዘነኝ። ከዚያ በየኬላው እየወረድን፣ እየተፈተሽን፣ መታወቂያ እያሳየን ደሴ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ደሴ ያደርነው አክስቱ እትዬ ደብሬ ቤት ነው። በሩን ከፍተው እንዳዩት አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ለቀቁት ስል እንደገና ያዙት። ትከሻው በእንባቸው ራሰ። የኔ እናት ወር ቆይቼ ስመጣ የምትለኝ "ጫማሽን እዚያው አውልቂ" ነው።

የቤቱ ዕቃ ተዘርፎ የቀረችው አንዲት ፍራሽ ናት። እንግዳዋ እኔ ነኝ ብዬ ስጠብቅ እትዬ ደብሬ ፍራሿን ለደሳለ አነጠፉ፣ እኔን ደግሞ ከእሳቸው ጋር አጎዛ ላይ አስተኙኝ።

"ታምሩስ? ስልኩ አሁንም አይሠራም" አላቸው ደሳለ ከመተኛቱ በፊት። ታምሩ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ መንገዱን ሁሉ ሲደውልለት ነበር።

"ወደ ራያ ተሻግሯል ይላሉ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም" አሉት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፤ "ተኛ አንተ፣ ደክሞሃል።"

ማክሰኞ

ከደሴ ወደ ወልድያ ያለው መንገድ ያምራል። የሐይቅ ውኃ በቀኝ ታየን፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን ወርደን ወደ ሞቃቱ አገር ገባን። በመንገዱ ዳር የተገለበጠ ከባድ መኪና አለ፣ ጎማ የሌለው ታንክ አለ፣ ታንኩ ላይ ልብስ አጥባ ያሰጣች ሴት አለች። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለገመድ ማስሪያ ስንጣላ እንኖራለን፤ ይህችኛዋ ታንክ አገኘች።

ውርጌሳ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ደሳለን ስታየው ቅርጫቷን አስቀምጣ መጣች፣ ሁለቱንም ጉንጩን ስማ እጁን በብርቱካን ሞላችው። ሊከፍላት ቢል "ተው እንጂ ወንድምዓለም!" ብላ ተቆጣች። እኔም ሁለት ገዛሁ። ሂሳቡን ሳትረሳ ተቀበለችኝ።

መርሳ ስንደርስ ደሳለ እዚያው ወርዶ ወላጆቹን ማየት ፈለገ። መናኸሪያው ላይ የነበሩ ሰዎች ከበቡት። "ወላጆችህ ለእህል ጉዳይ ወርደዋል፤ ሐሙስ ይመለሳሉ። የጥናት ደብዳቤህን ወልድያ አስገባና ሐሙስ ና። እኛው እንልክባቸዋለን" አሉት። አንዱ ሻንጣውን መልሶ ጫነለት፣ ሌላው ጋቢ ደረበለት። ሲሪንቃ ላይ የእርሻ ምርምሩን ማሳ በመስኮት እያየሁ፣ "እዚህ አገር ማሽላ እንኳ የሚንከባከበው ሰው አለ" አልኩ። ደሳለ የዘወትር ቀልዴ መስሎት ሳቀ።

ወልድያ ያረፍንበት ሆቴል መስኮቱ መስታወት የለውም፤ በላስቲክ ተሸፍኗል። ውኃ በጀሪካን ይመጣል። ለኔ አንድ ጀሪካን፣ ለደሳለ ሁለት፤ አንዱ የሞቀ።

ረቡዕ

ሐኪም ቤቱን ዞረን አየን። የድንገተኛ ክፍሉ ወንበርና አልጋ ብቻ ቀርቶለታል፤ የኦክስጅን መስመሩ ከግድግዳው ተነቅሎ ቀዳዳው አፉን ከፍቷል። እኛ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ስብሰባ እንጠራለን። እዚህ በባትሪ ብርሃን ያዋለዱ፣ በመጋረጃ ጨርቅ ቁስል ያሰሩ ነርሶች አገኘሁ።

ጥያቄዬን በደንብ አዘጋጅቼ ነበር። እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ግን መልሱን ለደሳለ ይነግሩታል። በመካከሉ አንዷ ነርስ ተነሥታ ውኃ ሰጠችው፤ ሌላዋ "በልተሃል? ሳትበላ እንዳትውል" አለችው። ቀኑ የጾም ነው፣ እኔም አልበላሁም፣ የጠየቀኝ የለም። ሽሮው ሲመጣም በእሱ በኩል እየጨመሩ አፈሰሱለት።

"አንተን ምን አድርገው ነው እንደዚህ የሚያቀማጥሉህ?" አልኩት ስንወጣ።

"እኔ እንጃ" አለ፤ "የኛ ሰው እንዲህ ነው።" በሩን አልፈን ስንሄድም፣ "በፊት ግን እንዲህ አልነበረም" አለ።

መልሱን እንደ ጉራ ቆጠርኩበት።

ሐሙስ

በጠዋት በሚኒባስ ወደ መርሳ ተመለስን። ሥራውን ተከፋፈልን፤ እሱ ጤና ጣቢያውን፣ እኔ የቅሬ ዳኞችን። አዲስ አበባ ዕድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የኛ ዕድር ድንኳንና ወንበር አለው፤ የነሱ ቅሬ ከሁሉ በፊት ትከሻ አለው። የሞተውን ይቀብራል፣ የታመመውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ አለ። ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም።

ከመርሳ ወጣ ብሎ ያለውን የቅሬ ዳኛ ጋሽ ይመርን ያገኘሁት ብቻዬን ነው። ባጃጁ አወረደኝ፣ የወረዳውን ደብዳቤ አሳየኋቸው፣ ከቋራ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ብርጭቆ እርጎም አመጡልኝ፤ በጉዞው ሁሉ ለኔ ብቻ ተብሎ የተሰጠ የመጀመሪያው ነገር ነው።

"በጥናታችን ሕግ የሰው ስም አይነሣም ጋሼ" አልኳቸው፤ "እርስዎ የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ።"

"ደግ ሕግ ነው" አሉ። "የሞተን ስም መጥራት ለአፍ ይከብዳል። የአንዱን ልንገርሽ፣ የሌላውም ያው ነው።"

የነገሩኝ ይህ ነው። አንድ ጎልማሳ ከበላይ ካለው ቀበሌ በከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ጭኑ ላይ ተመታ። እናቱ መቀነቷን ፈትታ ከቁስሉ በላይ አጥብቃ አሰረችው። ወጣቱ ሁሉ ሸሽቶ ስለነበር ቃሬዛውን የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው። በየወሰኑ አንዱ ቅሬ ለሌላው ያስረክባል፤ ትከሻ ሲጠፋ ቃሬዛ ተሸክመው የማያውቁ ሴቶች ነጠላቸውን አሸርጠው ገቡበት። መርሳ ሲደርሱ መድኃኒት የለም። ወልድያ አንዲት ነርስ ቀርታለች ተባለና ወደዚያ ቀጠሉ። ሲሪንቃ ሲደርሱ ግን አለቀ።

"ተናግሮ ነበር?" አልኳቸው።

"ውኃ አለ። ከንፈሩን አረጠብንለት። ኋላ ደግሞ 'ደከማችሁ፣ አሳርፉኝ' አለን። እኛን አዝኖልን እኮ ነው።"

ሐኪም ነኝ፣ አዘንኩ። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከሐዘኑ ሥር ደስታም ነበረ። ከወደቀበት እስካረፈበት፣ ማን አሰረ፣ ማን ተሸከመ፣ የት ተቀባበሉት፣ አንድም ያልጎደለ ታሪክ ነው። ጥናቱ በሙሉ በዚህ በአንድ ሰው ውስጥ አለ። ደሳለ ከሳቁና ከብርቱካኑ ጋር ይህን አላገኘም። ባጃጅ ላይ ሆኜ ለራሴ "ሆድ ይፍጀው" አልኩ፤ ፕሮፌሰሩ ፊት እስክንቀርብ ድረስ ለደሳለ ትንፍሽ አልልም።

ያረፍነው ሱቅና አልጋ ቤት ያላቸው እትዬ ወርቄ ዘንድ ነው። ለራት ከዘረፋ የተረፈችውን አንዲት ዶሮ አርደው ጠበቁን። ፈረሰኛው ለደሳለ፣ እንቁላሉ ለደሳለ፤ ለኔ ክንፉ ደረሰኝ። "ብላ የኔ ልጅ፣ በደንብ ብላ፤ ነገ አገርህ ትወጣለህ" እያሉ አጠገቡ ቆሙ። እሱ ግን መብላቱን ተወና ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ? የቅሬ ዳኛው ምን ነገሩሽ?"

ክንፌን እየጋጥኩ ቀና ብዬ አየሁት። "ምንም የረባ ነገር የለም" አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየ። ያወቀብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሱ ግን ትንፋሹን ለቀቀና መብላት ጀመረ፤ እንቁላሉንም ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። በላሁት።

ዓርብ

ገና ወፍ ሲንጫጫ እትዬ ወርቄ በሬን ቆረቆሩ።

"ዶክተር፣ ተነሺ እቴ። መድኃኒት ነገር ከያዝሽ ያዢ። ለልጁ መርዶ ሊነግሩት መጥተዋል።"

"የማን መርዶ?"

"የወንድሙ፣ የታምሩ ነዋ! አባቱ በቤቴ ይነገረው ብለው ነበር፤ ኋላ መንገድ ላይ አንድ ሰው እንዳያመልጠው ሰግተው ሽማግሌዎቹን ወደዚህ ላኩ። ስንት ጊዜ አፋችንን ይዘን ኖርን! በቃሬዛ ወስደውት ሲሪንቃ ላይ..."

የቀረውን እኔ ጨረስኩላቸው፤ በአፌ ሳይሆን በሆዴ።

የአውቶብሱ ፊት ወንበር፣ የአክስቱ ፍራሽ፣ የሞቀው ጀሪካን ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። አገሩ በሙሉ ሐዘኑን ከእሱ ደብቆ፣ በምግብና በጋቢ እያባበለ እስከዚህ ጠዋት አድርሶት ነበር። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ጉርሻ ስቆጥርበት ከረምኩ።

ግቢው ሞልቷል። የሁለቱም እምነት ሽማግሌዎች አሉ፤ በመካከላቸው ጋሽ ይመር ቆመዋል። የደሳለ ባልደረባ መሆኔን ያኔ ሲያውቁ ዓይናቸው ፈጠጠ። ደሳለ በሸሚዝ ሆኖ፣ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ሰዉን ሲያይ ቆመ። ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት።

"ደሳለ ልጄ" አሉት ጋሽ ይመር፤ "አንተ ሐኪም ነህ፣ የሰውን ልጅ መጨረሻ ከኛ በላይ ታውቃለህ። ታምሩ አርፏል።"

ጩኸቱን አልጽፈውም። ከሚወራጨው አካሉ ጋር ሽማግሌዎቹ ሲታገሉ፣ "እግዜር ያጥናህ"ም "አላህ ሰብሩን ይስጥህ"ም በአንድነት ሲባል፣ እኔ የመድኃኒት ቦርሳዬን አቅፌ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። በዚያች ሰዓት እንኳ ቅናቴ አልለቀቀኝም። እኔ ሰፈር መርዶ በቴሌግራም ነው የሚመጣው፤ ለኔ ሐዘን በንጋት የሚነሣ አንድ ግቢ ሰው አላውቅም።

ከዚያ ሁላችንም በእግር ወደ አገሩ ወጣን። ዳገቱ ይከብዳል፤ በየመንደሩ የሚጠብቅ ሰው እየተቀላቀለ ለቅሶው እየሰፋ ሄደ። አንዲት የማላውቃት ሴት ቦርሳዬን ተቀብላኝ እስከ ላይ ተሸከመችልኝ። ታምሩ በቃሬዛ የወረደበት መንገድ ይሄው መሆኑን ከጋሽ ይመር ታሪክ አወቅሁ፤ ወንዙን፣ የቅሬዎቹን ወሰን፣ ሴቶቹ የተቀበሉበትን ሜዳ እየለየሁ ነው የወጣሁት።

ወላጆቹ ቤት ዳሱ ተጥሎ ነበር። ለቅሶው ጋብ ሲል ደሳለ ጠራኝና አጠገቡ ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ ተዘግቷል።

"ጋሽ ይመር ትናንት ሁሉንም ነግሬያታለሁ አሉኝ። ንገሪኝ። ደሙ ታስሮ ነበር?"

"ታስሮ ነበር። እናትህ በመቀነታቸው፣ ከቁስሉ በላይ። እኛም ብንሆን ከዚያ የተሻለ አናስርም።"

"ተሸካሚ አጣ?"

"አላጣም። አንድም ቦታ አላጣም።" ማን ከማን እንደተቀበለ በየወሰኑ ነገርኩት። ውኃ እንዳለ፣ ከንፈሩን እንዳረጠቡለት ነገርኩት። "ደከማችሁ፣ አሳርፉኝ" ማለቱን ስነግረው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ያን ታሪክ ለጉባኤ አዳራሽ ነበር ያስቀመጥኩት።

ጋቢውን ሲገልጥ ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። "ጠርጥሬ ነበር እኮ" አለ። "ከሰኞ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያባብለኝ ፈራሁ። ማታ ራት ላይ ግን ፊትሽን አየሁት፤ እንደ ሁልጊዜው ኩርፍ ብለሽ ክንፍሽን ትግጪያለሽ። የሆነ ነገር ቢኖር እሷ እንዲህ አትሆንም አልኩ። በላሁ፣ ተኛሁም። አውቀሽ ነው ለካ። እኔ አንቺን ብሆን አልችለውም ነበር።"

የማን ታሪክ እንደሆነ ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት መሆኑን ልነግረው ሲገባኝ፣ የወደቀ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለስኩለት።

"ጥናቱን አንቺ ያዢው" አለ። "እኔ እናቴ ዘንድ እቆያለሁ። ለፕሮፌሰሩ ስሟ ይቅደም ብሏል በያቸው። የታምሩን ታሪክ ካንቺ ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈልግም።"

ከአዲስ አበባ ከተነሣሁ ጀምሮ ልሰማው የተመኘሁት ቃል ነው። ለመመለስ ስዘጋጅ እናቱ መጡ። ወገባቸው በገመድ ታስሯል። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

"ይመር ነገረኝ" አሉ። "አፍሽን ይዘሽ ልጄን አንድ ሌሊት በሰላም አሳደርሽልኝ። እንዲህ ያለ አንጀት ከየት አመጣሽ ልጄ?"

ደሳለ ያየኛል። ጋሽ ይመርም ያዩኛል። "ከዚያው ከናንተው ነው እማማ" አልኳቸውና፣ የዘረጉልኝን እጅ ጎንበስ ብዬ ሳምኩ።